ስም ሲቀየር የማይቀየረው ቁጥር፦ ያረጁ የሽርሽር መርከቦች ዳግም ሥራ

ሃይፋ ወደብ ዳር ነጭ የሽርሽር መርከብ ቆማ ትታያለች። ክራውን አይሪስ ትባላለች። በሙቀቱ ወራት መንገደኛ ጭና ወደ ቆጵሮስና ወደ ግሪክ ደሴቶች ትመላለሳለችና፣ እስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙ ጊዜ ሳያይዋት አልቀሩም። ስሟ አዲስ ይመስላል፤ መርከቧ ግን በ1992 ሥራ የጀመረች ናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ያን ጊዜ ስሟ ሮያል ማጀስቲ ነበር። በ1997 ኖርዌጂያን ማጀስቲ፣ በ2009 ሉዊስ ማጀስቲ፣ በ2012 ቶምሰን ማጀስቲ፣ ከዚያ ለአጭር ጊዜ ማጀስቲ ብቻ ተባለች። በ2018 የእስራኤሉ ማኖ ማሪታይም እጅ ስትገባ የዛሬውን ስሟን አገኘች። ስድስት ስም መሆኑ ነው። ሰባተኛም ነበር ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ ያዘዛት ባልቲክ ባሕር ላይ የሚሠራው ቢርካ ላይን ነበርና። የፊንላንዱ መርከብ ሠሪ ቫርትሲላ ማሪን በ1989 ሲከስር ትዕዛዙ ፈረሰ፣ ገና ያልተወለደችው መርከብም ከባልቲክ ቅዝቃዜ ወደ ቤርሙዳ ሽርሽር ዞረች። የሥራ ለውጧ ከመሠራቷ በፊት ነው የጀመረው።

ስም እንዲህ ሲቀያየር የመርከብን ማንነት ይዞ የሚዘልቀው አይኤምኦ (የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ምሕጻር) የሚባለው ሰባት አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ለመኪና የሻንሲ ቁጥር እንደማለት ነው፤ ባለቤቱ፣ ባንዲራው፣ ቀለሙ ቢለወጥ እሱ አይለወጥም። ከ1996 ጀምሮ አስገዳጅ ሲሆን፣ ከ2004 ወዲህ ደግሞ አካሏ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ታዝዟል። ብዙውን ጊዜ ከኋላዋ፣ ከስሟና ከተመዘገበችበት ወደብ ስም በታች ይገኛል። የመንገደኛ መርከብ ከሆነች ከአየር እንዲታይ አግዳሚ ቦታ ላይም መጻፍ አለበት። ወደብ ላይ ቆሞ የመርከብን የኋላ ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ስሟን ትቶ ይህን ቁጥር ይመዝግብ።

ዓይን ብቻም ብዙ ይናገራል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት የጎን ግድግዳቸው መስኮት የበዛበት፣ በረንዳ ያነሰበት ነው። አዲሶቹ ከዳር እስከ ዳር በረንዳ ብቻ ይመስላሉ። በድሮዎቹ የነፍስ አድን ጀልባዎች ከፍ ብለው ይሰቀሉ ነበር፤ በአዲሶቹ ግን ከመኝታ ክፍሎቹ በታች ዝቅ ብለው ይደረደራሉ። የበረንዳው ነገር የውበት ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። መንገደኛ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለው ለበረንዳ ነው። የተዘጋጁ በረንዳዎችን አምጥቶ ነባር መርከብ ላይ መበየድ ይቻላል፤ ነገር ግን ክብደቱ ከላይ ስለሚጨመር መርከቧ ባሕር ላይ ያላትን ሚዛን ይነካል፣ ስሌቱም እንደገና መሠራት አለበት። ስለዚህ በረንዳ የሌላት መርከብ፣ ሞተሯ ምንም ቢበረታ፣ ከዋናው ገበያ ቀድማ ትወጣለች።

የመጠን ልዩነትም ይገፋታል። በ1988 ሥራ የጀመረችው ሶቨሪን ኦፍ ዘ ሲስ 73,000 ጠቅላላ ቶን ገደማ ነበረች (ይህ ቶን የሚለካው ክብደትን ሳይሆን የመርከቧን የውስጥ ስፋት ነው)፤ በጊዜዋ ከሽርሽር መርከቦች ትልቋ እሷ ነበረች። በ2024 መጀመሪያ የወጣችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 248,663 ናት። ካፒቴኑ፣ የሞተር ክፍሉ ባለሙያዎችና የወደቡ መሪ ካፒቴን በሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ በትልቋ ላይ ግን ወጪያቸው ለብዙ ሺህ መንገደኛ ይከፋፈላል።

ከዋናው ገበያ የወጣች መርከብ የምትወርድበት መንገድ የታወቀ ነው። ከካሪቢያን ወደ ስፔን ወይም ወደ እንግሊዝ ርካሽ ሽርሽር፣ ከዚያ ወደ አንድ አገር ወይም ወደ አንድ ባሕር ብቻ፣ ከዚያ ወደ ማደሪያነት፣ በመጨረሻም መርከብ ቆራርጠው ብረቱን ወደሚሸጡት ቆራጮች። በ1985 ለአሜሪካው የሽርሽር ኩባንያ ለካርኒቫል የተሠራችው ሆሊደይ ደረጃውን ሳትዘል ወርዳዋለች። በ2010 ግራንድ ሆሊደይ ተብላ ለስፔናውያን ሠራች፤ በ2015 ማጄላን ተብላ ወደ እንግሊዝ ገበያ ገባች፤ ኩባንያዋ በ2020 ሲወድቅ በጨረታ ተሸጠች፤ በ2021 መጀመሪያ ላይ ሕንድ ውስጥ አላንግ ዳርቻ ላይ ወጣች። በመሃሉም ሥራ አልፈታችም፤ በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊየንስን ሲያጠፋ የአሜሪካ መንግሥት በ236 ሚሊዮን ዶላር ለስድስት ወር ከተከራያቸው ሦስት የካርኒቫል መርከቦች አንዷ እሷ ነበረች።

ዕድሜ ብቻውን መርከብን አይጥልም። ትልቁ ማስረጃ ስቶክሆልም ናት። በ1948 ስዊድን ውስጥ ተሠራች፤ በሐምሌ 1956 ከአንድሪያ ዶሪያ ጋር ተጋጭታ ጣሊያናዊቷን መርከብ ያሰጠመችው እሷ ናት። በኋላ የምሥራቅ ጀርመን ሠራተኞች መዝናኛ ሆነች። በ1980ዎቹ ኦስሎ ውስጥ የጥገኝነት ጠያቂዎች ማደሪያ ሆና ቆመች። ከዚያ ጣሊያኖች ገዝተው እስከ ቅርፊቷ ድረስ አራቆቷትና በ1994 ሌላ መርከብ አድርገው አወጧት። ያ ሥራ ነው ዕድሜዋን የገዛላት፤ ምክንያቱም ከጥቅምት 1 ቀን 2010 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የባሕር ደኅንነት ደንብ የመንገደኛ መርከብ ውስጥ የሚቀጣጠል የግንባታ ቁስ እንዳይኖር አስገደደ። የሚያማምር የእንጨት ግድግዳ የነበራቸው አሮጌ መርከቦች በዚያ ሰሞን በጅምላ ወደ ቁርጥራጭ ሲሄዱ፣ ውስጧ ቀድሞ የታደሰው ስቶክሆልም ቀረች። አስቶሪያ በሚለው የመጨረሻ ስሟ ሮተርዳም ውስጥ ለዓመታት ታስራ ከቆየች በኋላ በ2025 ቤልጅየም ጌንት ውስጥ ለመቆራረጥ ተወሰደች። ሰባ ሰባት ዓመት!

በተቃራኒው ካርኒቫል ፋንታሲ በ1990 ወጥታ በ2020 ቱርክ ውስጥ አሊያጋ ላይ ተቆራረጠች። ቅርፊቷ አልበሰበሰም፤ የኮሮና ወረርሽኝ መርከቦችን ሁሉ ሲያቆም ቆሞ የመጠበቅ ወጪው ከተስፋዋ በለጠ። ሶቨሪንም በዚያው ዓመት፣ እዚያው ዳርቻ ላይ ጎኗ ነበረች።

ነባር መርከብን በዋናው ገበያ ለማቆየት ከሚሠሩት ሥራዎች ደፋሩ ማስረዘም ነው። የሃይፋዋ መርከብም ተደርጎላታል። በ1999 ጀርመን ብሬመርሃቨን ውስጥ በመርከብ ሠሪው ሎይድ ቬርፍት መሃል ለመሃል ተቆርጣ ወደ 34 ሜትር የሚጠጋ አዲስ አካል ገባላት። ርዝመቷ ከ173 ወደ 207 ሜትር፣ የመንገደኛዋ ቁጥርም ከ1,050 ገደማ ወደ 1,460 ገደማ አደገ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲሱ አካል ቀድሞ ክፍሎቹ፣ ቧንቧዎቹና ገመዶቹ ተዘርግተውለት ለብቻው ይሠራል። መርከቧ ደረቅ የመጠገኛ ገንዳ ውስጥ ትገባለች፤ የሚቆረጠው መስመር ላይ ያሉ ቧንቧዎች ባዶ ይደረጋሉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዶች ተለይተው ምልክት ይደረግባቸዋል። ከዚያ ቅርፊቷ በጋዝ ዙሪያውን ይቆረጥና አንዱ ግማሽ ይገፋል፤ አዲሱ አካል መሃል ገብቶ በሚሊሜትር ልክ ከተገጣጠመ በኋላ ይበየዳል። ብየዳው የሚታየው ክፍል ነው። ከባዱ ሌላው ነው፤ የረዘመች መርከብ ማዕበል ላይ መሃሏ የበለጠ ስለሚታጠፍ ከታችና ከላይ ተጨማሪ ብረት ይፈልጋል። መንገደኛው በጨመረ ቁጥር የነፍስ አድን ጀልባ፣ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ፣ የአየር ማቀዝቀዣና የፍሳሽ ማጣሪያ አቅምም እኩል ማደግ አለበት። ጀነሬተሩ ሳያድግ ክፍል ብቻ የተጨመረ እንደሆነ፣ ሞቃት ባሕር ላይ ሙሉ መንገደኛ በያዘች ቀን መብራቱ መንገዳገድ ይጀምራል።

ይህን ያህል ያገለገለች መርከብ ምን ምን እንደሚገጥማትም የሃይፋዋ ታሪክ በደንብ ያስተምራል። በሰኔ 1995 ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ስትሄድ የጂፒኤስ አንቴናዋ ገመድ ከመጋጠሚያው ወለቀ። መሣሪያው ሳተላይቱን ሲያጣ በግምት ስሌት መሥራት ጀመረ፤ ማስጠንቀቂያው አጭር ድምፅና በመስኮቱ ላይ ጥቃቅን ፊደላት ብቻ ነበሩ። ወደ 34 ሰዓት ያህል ማንም ሳያስተውል ተጓዘችና ከመስመሯ 17 ማይል ስታ ናንተኬት ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ሰው አልተጎዳም። ያን ጊዜ ገና የሦስት ዓመት መርከብ ስለነበረች ጥፋቱ የእርጅና አልነበረም፤ አጠገቡ ያለውን ሌላ መሣሪያ ዓይቶ አለማመሳከር ነው። በመጋቢት 2010 ደግሞ ስፔን አጠገብ ከባድ ማዕበል የሳሎን መስኮቶቿን ሰብሮ ሁለት መንገደኞች ሞቱ።

የየካቲት 2013ቱ ግን በቀጥታ ጥገናን ይመለከታል። ላ ፓልማ ደሴት ወደብ ላይ ለልምምድ ወርዶ የነበረ የነፍስ አድን ጀልባ ወደ ላይ ሲጎተት የተሸከመው የብረት ገመድ ተበጠሰ። ስምንት ሠራተኞች ከነጀልባው ተወረወሩ፤ አምስቱ ሞቱ። የተበጠሰው ጀልባው ተሰቅሎ በሚያርፍበት ጊዜ ገመዱ በጎማው (በመዘውሩ) ላይ ታጥፎ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር፤ ውስጡ ዝጎ ተገኘ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ገመድ ከላይ ግራሶ ተቀብቶ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ውሃና ጨው የሚገቡት ወደ መሃለኛው ዘርፍ (ገመዱ ከተገመደባቸው የሽቦ ክሮች ወደ መሃለኛው) ነው፤ ግራሶው ወደ ውስጥ ካልዘለቀ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ደንቡ ከአምስት ዓመት ሳይበልጥ እንዲቀየር ያዛል፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚታጠፍ ገመድ ግን አምስት ዓመቱን ላይጠብቅ ይችላል። ገመዱ ሲፈተሽ የሚታጠፍበት ቦታ ከመዘውሩ ወጥቶ፣ ግራሶው ተጠርጎ፣ ዘርፎቹ በመጠኑ ተከፍተው መታየት አለባቸው። ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት የሚፈተነው በእንዲህ ያለው ነው። አዲስ ምንጣፍ መንገደኛ ያየዋል፣ የገመድ ውስጥ ግን ማንም አያየውም።

የመንገደኛ መርከብ የደኅንነት ምስክር ወረቀት፣ እንደ መኪና ቦሎ፣ በየ12 ወሩ ይታደሳል። በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከውሃ ወጥታ ታችኛው አካሏ ይታያል፤ በአምስተኛው ዓመት ደግሞ የብረቷ ውፍረት ሳይቀር የሚለካበት ትልቁ ፍተሻ ይመጣል። አሮጌ መርከብ አብዛኛውን ጊዜ የምትሸጠው ወይም የምትቆራረጠው ከዚህ ፍተሻ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ባለቤቱ የብረቱንና የቧንቧውን ወጪ ያሰላል፣ ከዚያ የሚቀረውን የሥራ ዘመን ያይና ይወስናል።

በዚህ ላይ የነዳጅ ደንቡ ተጨመረ። ከጥር 2020 ጀምሮ በነዳጅ ውስጥ ያለው ድኝ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ወረደ። የሜዲትራኒያን ባሕር ከግንቦት 1 ቀን 2025 ጀምሮ 0.1 በመቶ ብቻ የሚፈቀድበት ሆኗል፤ ይህ ክራውን አይሪስን በቀጥታ ይነካል። ከ5,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች ወደ አውሮፓ ኅብረት ወደቦች ሲመላለሱና እዚያ ሲቆሙ ለሚለቁት ካርቦን መክፈል ጀምረዋል፤ የሚታሰብባቸውም ከ2024 ልቀት 40 በመቶው፣ ከ2025 70 በመቶው፣ ከ2026 ሙሉው ነው። የጭስ ማጠቢያ መሣሪያ ተገጥሞ ርካሹን ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ የ30 ዓመት መርከብ ላይ ለመግጠም ግን ወጪውን የምትመልስበት ዘመን ይቀራት እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ትንሽነት የሚጠቅምበት ቦታም አለ። ቬኒስ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ከ25,000 ቶን ወይም ከ180 ሜትር ርዝመት በላይ የሆኑትን በከተማዋ መሃል እንዳያልፉ ስትከለክል፣ በሩ ለትንንሾቹ ክፍት ቀርቷል።

መርከብ ያለ ሥራ ስትቆም ደግሞ ማርጀቷ አይቆምም፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ሞተሯ ሳይጠፋ ጥቂት ሠራተኛ ይዛ ብትቆይ ነዳጅ ትበላለች። ሁሉም ነገር ተዘግቶ ብትቆም ወጪው ይቀንሳል፣ ጥፋቱ ግን ይጀምራል። አየር ማቀዝቀዣው ሲጠፋ እርጥበቱ ከፍራሽና ከምንጣፍ ጀምሮ ግድግዳው ድረስ ሻጋታ ያበቅላል። የጀነሬተሮችና የትልልቅ ሞተሮች ጥቅልል እርጥበት ይጠጣና ኤሌክትሪክ የማገድ አቅሙ ይወርዳል፤ ሳይለካና ሳይደርቅ ከተነሳ ይቃጠላል። ቧንቧ ውስጥ የቆመ ውሃ የሳንባ ምች የሚያመጣውን ሌጂዮኔላ ያራባል። የባሕር ውሃ ቧንቧዎች ከውስጥ ይበሳሉ፣ ከታች ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረታት ይለጠፋሉ፣ ዘንጉ በየጊዜው ካልዞረ ኩሽኔታው አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ይጎዳል። ሁለት ዓመት በዚህ መልክ የቆመች መርከብ ስትገዛ ከዋጋዋ ይልቅ የማስነሻዋ ወጪ ሊበልጥ ይችላል።

በ1993 የወጣችው፣ ብሬማር በሚል ስም ለዓመታት የሠራችው መርከብ ለዚህ ምሳሌ ናት። ወረርሽኙ ካቆማት በኋላ ቪላ ቪ ሬዚደንስስ ገዝቶ ኦዲሲ አላት። አሳቡ ሰዎች የመኝታ ክፍል ገዝተው ለዓመታት ዓለምን እየዞሩ እንዲኖሩባት ነው። በግንቦት 2024 መጨረሻ ከቤልፋስት ትነሳለች ተብሎ ነዋሪዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። የመሪዋ ዘንግና ካምቢዮዋ ችግር አወጡ፤ ጉዞው ወደ አራት ወር ዘገየና የተነሳችው በመስከረም መጨረሻ ነው። ለእንዲህ ዓይነት መርከብ መለዋወጫ ከመደርደሪያ አይነሳም፤ ይታዘዛል፣ ይሠራል፣ በመርማሪ ይጸድቃል። ይህን ያላሰበ የጊዜ ሰሌዳ መርከቧ ገንዳ ውስጥ እንደገባች ይፈርሳል።

የባሰም አለ። በ1991 ሪጋል ፕሪንሰስ ተብላ የወጣችው መርከብ በ2020 በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጣ ሳቶሺ ተባለች፤ ፓናማ አጠገብ ቆማ የዲጂታል ገንዘብ ወዳጆች መኖሪያ እንድትሆን ታስቦ ነበር። ገና ሥራ ሳትጀምር ዕቅዱ ወደቀ። ዋናው ምክንያት ኢንሹራንስ ነው፤ መርከብ ናት ወይስ ቤት የሚለው ያልተለየ ነገር ላይ ኃላፊነት የሚወስድ አልተገኘም። ወደ ቆራጮች ልትሄድ ስትል አምባሳደር ክሩዝ ላይን ገዛት፤ ከ2022 ጀምሮ አምቢየንስ ተብላ ከቲልበሪ እንግሊዛውያንን ታሽራሽራለች። ያዳናት የተሠራችለት ሥራ ነው። እንደሚመስለኝ ከመርከብ ዳግም ሥራዎች ሁሉ የሚሳካው ከመጀመሪያው ብዙ ያልራቀው ነው።

ማደሪያነቱም እንዲሁ ይሳካል፣ ጊዜው አጭር እስከሆነ ድረስ። ወጥ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ክሊኒክና መብራት ይዛ ትመጣለችና። በ2022 ቮሌንዳም ሮተርዳም ላይ፣ አምቢሽን ግላስጎው ላይ የዩክሬን ስደተኞችን አስጠልለዋል። ነገር ግን ለአንድ ሳምንት ሽርሽር የተሠራ መስኮት አልባ ክፍል ልጆች ለያዘ ቤተሰብ ለወራት ቤት አይሆንም፤ የራስን ምግብ ማብሰልም የለም። የውሃ ታንከሩም ጥብቅ ክትትል ይሻል። በዚያው ዓመት ኔዘርላንድስ ውስጥ ጥገኝነት ጠያቂዎች ባረፉበት አንድ መርከብ ላይ ፍሳሽ ወደ መጠጥ ውሃው ታንከር ገብቶ 72 ሰዎች ታይፎይድ ያዛቸው። ለስደተኛ ተብላ የምትከራይ መርከብ ለመንገደኛ ከምትከራየው ያነሰ ፍተሻ ሊደረግላት አይገባም።

ሆቴል መሆን የቻሉት ጥቂት ናቸው። ዱባይ ያሉ ወገኖቻችን ፖርት ራሺድ ላይ የሚያዩዋት ኩዊን ኤልሳቤጥ 2 በ1969 ሥራ ጀምራ፣ በ1986 እና በ1987 የእንፋሎት ተርባይኗ ወጥቶ ዘጠኝ የናፍጣ ሞተሮች ተተከሉላት። በ2007 በ100 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣ በኅዳር 2008 ዱባይ ደረሰች። የፋይናንስ ቀውሱ ያዛትና ሆቴሏ የተከፈተው በሚያዝያ 2018 ነው። ለንጽጽር፣ ከ1967 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ላይ የቆመችው ኩዊን ሜሪ በ2017 ይፋ በሆነ ጥናት ከ235 እስከ 289 ሚሊዮን ዶላር ጥገና እንደሚያስፈልጋት ተነግሯል። ውሃ ላይ የቆመ ሆቴል መሠረቱ ይዝጋል፤ ከሥር ለማየት ጠላቂ፣ ለመጠገን ገንዳ ይፈልጋል።

የቀሩት ወደ ቆራጮች ይሄዳሉ። ዋጋቸው የሚተመነው ነዳጅ፣ ውሃና ጭነት በሌለበት ባዶ ክብደታቸው ሲሆን፣ ከጭነት መርከብ ይልቅ በቶን ያንሳሉ፤ ውስጣቸው ከብረት ይልቅ ግድግዳ፣ መስታወት፣ ፕላስቲክና ምንጣፍ ነው፣ ይህን ማውጣትም ሰው ይፈጃል። አላንግ ላይ መርከቧ በሙሉ ማዕበል ወደ ዳርቻ ትነዳና ውሃው ሲሸሽ ጭቃ ላይ ትቀራለች። አሊያጋ ላይ ማዕበሉ ትንሽ ስለሆነ አፍንጫዋ ብቻ መሬት ይይዛል፣ ኋላዋ ውሃ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ዘይቱ፣ የማቀዝቀዣ ጋዙና የአስቤስቶስ መከለያው ይወጣል። ከዚያ ዕቃው፣ ከዚያ ከላይና ከፊት ጀምሮ በጋዝ እየተቆረጠ በክሬን ይወርዳል፤ ቀፎዋ በቀለለ ቁጥር በመጎተቻ ወደ ላይ ትሳባለች። በአዲስ አበባ ቆራሌው የሚሰበስበው ብረት እንደሚቀልጥ ሁሉ፣ በተለይ የአሊያጋው በአቅራቢያው ባሉ የኤሌክትሪክ እቶኖች ውስጥ ይቀልጣል። ከሰኔ 26 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሆንግ ኮንግ ስምምነት መርከቧ በውስጧ ያለውን አደገኛ ነገር ሁሉ ዘርዝራ እንድትመጣ ያስገድዳል። አሥር ጊዜ እጅ ለቀየረች መርከብ ይህ ዝርዝር ቀላል አይደለም፤ የትኛው ባለቤት በየትኛው ዓመት ከየትኛው ግድግዳ ጀርባ ምን እንደከተተ ሰነዱ አብሮ አይሸጥም።

ክራውን አይሪስ ግን ገና እዚያ አልደረሰችም። በሰኔ 2025 በእስራኤልና በኢራን ጦርነት የአየር ክልሉ ሲዘጋ፣ ከአሽዶድ ወደ ቆጵሮስ 1,500 ገደማ ወጣት ጎብኚዎችን ያወጣችው እሷ ናት። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ከግሪክ ደሴቶች በአንዷ፣ በሲሮስ፣ በወደቡ ተቃውሞ ምክንያት መንገደኞቿ ሳይወርዱ ተመለሰች። በ1992 ለቤርሙዳ ሽርሽር የወጣች መርከብ፣ በሁለት ወር ውስጥ የመሸሻ መንገድም የፖለቲካ አደባባይም ሆነች፤ ኋላዋ ላይ ያለው ቁጥር ግን ሮያል ማጀስቲ ስትባል የነበረው ነው።